ስለ ምርጫ ሕግ በየካፌው የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ምርጫ ሲነሳ ወሬያችን ሁሉ ስለ ሰው ነው። ማን ይወዳደራል? ማን ከማን ጋር ተጣመረ? አራት ኪሎ ካፌ ገብታችሁ ጆሯችሁን ብትጥሉ፣ ስለ ደንቡ የሚያነሳ ሰው እምብዛም አትሰሙም። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ደንቡ ነው። የሰጠነው ድምፅ ወንበር የሚሆነው በእሱ ነው። አንድም መራጭ ሐሳቡን ሳይቀይር፣ ደንቡ ስለተነካ ብቻ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እስቲ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ከግማሽ በላይ ድምፅ ያላገኘ አያሸንፍም»

ያሸንፋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት፣ በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብልጫ ያለው ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል። ግማሽ መድረስ አይጠበቅበትም።

በቁጥር እንየው። በአንድ የምርጫ ክልል 30,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አራት ተወዳዳሪዎች 9,000፣ 8,000፣ 7,000 እና 6,000 ድምፅ አገኙ። አሸናፊው ባለ 9,000ው ነው። ሌሎቹን የመረጡት 21,000 ሰዎች ከዚያ ክልል አንድም ተወካይ የላቸውም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀደም ብለው ተጣምረው ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው ድምፅ 15,000 ይዘው በሰፊ ልዩነት ያሸንፉ ነበር። ፓርቲዎች ምርጫ ሲደርስ «እንጣመር፣ አንጣመር» እያሉ የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

ይህ ደንብ የሚጠቅመው ገዢውን ፓርቲ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። የከተማችን ታሪክ እንደዚያ አይልም። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ጠራርጎ ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱ የእሱ ሆኑ። በዚያ ቀን እዚሁ ከተማ ያኔ ገዢ የነበረውን ኢሕአዴግን የመረጠ ሰው አልጠፋም። ከ23ቱ ግን አንድም አልደረሰውም። በ2002 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ከ23ቱ ለተቃዋሚ የተረፈው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ በመላ አገሪቱ 547ቱንም ወንበር ያዙ። ለ2007ቱ ውጤት ደንቡን ብቻ ተጠያቂ አላደርግም። የፖለቲካ ምኅዳሩ እጅግ ጠቦ ነበር። ግን ሌላውን የመረጠው ሕዝብ አንድም ወንበር ሳያገኝ መቅረቱን ደንቡ ካልታየ ማስረዳት አይቻልም።

«ምርጫ ቦርድ ከፈለገ ሥርዓቱን ይቀይረዋል»

አይችልም። ቦርዱ መመሪያ ያወጣል፣ ምርጫውን ያስፈጽማል። አዋጁን የሚያወጣው ፓርላማው ነው። አሁን የምንሠራበት ዋናው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ከዚያ ነው የወጣው። የብልጫ ድምፅ ሥርዓቱ ግን ከአዋጅም በላይ ነው፤ የተጻፈው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው።

ለመቀየር ያልተሞከረ እንዳይመስላችሁ። ከ2008ቱ ተቃውሞ በኋላ፣ በ2009 መጀመሪያ፣ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ፓርላማውን ሲከፍቱ የተመጣጣኝ ውክልናን (ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን ወንበር የሚያገኙበትን ሥርዓት) የሚያስገባ የምርጫ ሕግ ማሻሻያ እንደሚመጣ ተናገሩ። ቀጥሎ ኢሕአዴግና የተወሰኑ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ተደራድረው 80 በመቶው በብልጫ፣ 20 በመቶው በተመጣጣኝ ውክልና የሚሞላ ቅይጥ ሥርዓት ላይ ተስማሙ። ስምምነቱ ሕግ ሳይሆን ቀረ። አንቀጽ 54ን ለማሻሻል ሁለቱ ምክር ቤቶች (የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን) በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛዎቹ መስማማት አለባቸው። በምርጫ ዋዜማ ተጣድፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በእኔ እምነት ያ ውይይት ተዳፍኖ መቅረት የለበትም።

«የምክር ቤት ወንበር ሲበዛ ሕዝቡ ይበልጥ ይወከላል»

ሲሰሙት ደስ ይላል። የ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫን ግን አስታውሱ። ከ1997 በኋላ የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 አባላት እንዲኖራቸው ተደረገ። በመላ አገሪቱ ለውድድር የቀረበው ወንበር ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ያን ሁሉ ዕጩ ማቅረብ የሚችል ተቃዋሚ ፓርቲ ከየት ይመጣል? ማንም እንዳይወዳደር አልተከለከለም። ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙዎቹን ከውድድር ውጭ አደረጋቸው። ደንብ ሲሻሻል «ምን ተጨመረ?» ብለን ብቻ ማለፍ የለብንም። «ይህን ማሟላት የሚችለው ማን ነው?» ብለንም እንጠይቅ።

«ከንቲባውን የምንመርጠው እኛ ነን»

በቀጥታ አይደለም። በ2013 ምርጫ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ወረቀት ነበር የተሰጠን፤ አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም እንዲሁ ፓርላማው ይመርጣል።

የከተማዋ ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያ ሕጓ፣ ደግሞ በፓርላማ ይሻሻላል። በ2010 ተሻሽሎ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ተራዘመ፤ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰውም ምክትል ከንቲባ ሆኖ እንዲሾም ተፈቀደ። በ2005 የተመረጠው ምክር ቤት በዚህ ዓይነት ማራዘሚያ እስከ 2013 ቆየ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥ ስምንት ዓመት አለፈው። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ደንግጠው «እውነትህን ነው?» ይሉኛል። እውነቴን ነው።

«ሕዝቡ ስለበዛ የአዲስ አበባ ወንበርም ጨምሯል»

አልጨመረም። በ1997 ለፓርላማ 23 ነበር፤ በ2013ም 23። በመካከሉ ከተማዋ ምን ያህል እንደሰፋች የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ሄዶ ማየት ነው። ሕገ መንግሥቱ የፓርላማው አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ጣሪያ አስቀምጧል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ በሰፊው ልጨምር ቢባል ከሌላው መቀነስ ሊመጣ ነው። ከባድ ጉዳይ ነው፤ ግን ሲነሳ አልሰማም።

«ካርዴ በእጄ ካለ የትም ሄጄ እመርጣለሁ»

ይህኛው የመሀል ከተማውን ሰው በቀጥታ ይነካል። ካዛንቺስ ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ሰፈሩ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ወደ ዳር የሄዱ አንዲት እናት አውቃለሁ። የ2013ቱን የመራጭ ካርድ ከቀበሌ መታወቂያቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። «ቀኑ ሲደርስ ታክሲ ይዤ ሰፈሬ ሄጄ እመርጣለሁ» አሉኝ። «እማማ፣ አይሆንም» ማለት ከበደኝ።

መራጭ ድምፅ የሚሰጠው በተመዘገበበት ጣቢያ ነው። ለመመዝገብ ደግሞ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ያለፈው ምርጫ ካርድ ለሚቀጥለው አያገለግልም። ከፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ፣ ከካዛንቺስ የተነሳ ሰው አዲሱ ወረዳው መታወቂያውን ማስተካከሉን አሁኑኑ ያረጋግጥ፤ የምዝገባው ሳምንት እስኪደርስ አይጠብቅ። ልጆችም ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ይህ የስድስት ወር ደንብ ለተረጋጋ ነዋሪ ምንም አይደለም። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ግን የመምረጥ መብቱን ሊያሳጣው ይችላል።

«ሰው ካልወጣ ምርጫው ይሰረዛል»

አይሰረዝም። በሕጋችን ዝቅተኛ የመራጭ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ቤት የቀረ ሰው ውሳኔውን ለወጡት ትቶላቸዋል።

«ምዝገባው በስልክ ከሆነ ድምፁም በስልክ ነው»

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስም በታብሌትም ሆነ በመዝገብ ይስፈር፣ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት፣ በመጋረጃው ጀርባ፣ ለብቻ ነው። «ለማን እንደመረጥክ በስምህ ይታወቃል» የሚለውም ከእውነት የራቀ ነው። ወረቀቱ ላይ የመራጩ ስም አይጻፍም።

«ቆጠራው ማንም በማያየው ቦታ ነው የሚካሄደው»

ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ውስጥ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ነው። ውጤቱም ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰልፉ ረዝሞ ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ ነበር። በማግስቱ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጣቢያ በር ላይ፣ ጃኬቱን ከዝናብ መከለያ አድርጎ የተለጠፈውን ቁጥር በእስክርቢቶ መዳፉ ላይ የሚገለብጥ ወጣት አየሁ። ማንም አልከለከለውም። መብቱ ነው። እናንተም የጣቢያችሁን ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ በኋላ ለምርጫ ክልሉ ከሚገለጸው ድምር ጋር አስተያዩት። ልዩነት ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።