ስትርኤስኮፒ ምንድን ነው? ወደ እሱ የሚቀየር የከርነል ኮድስ እንዴት ይገመገማል?

ስትርኤስኮፒ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ጽሑፍ ከቦታ ወደ ቦታ የሚገለብጥበት ፈንክሽን ነው። ሊኑክስ ላይ ለሚሮጥ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ (እየሠራ ላለ ፕሮግራም) ከርነሉ 16 ባይት የስም ማስቀመጫ ይይዝለታል። 15ቱ ለስሙ ነው፤ የመጨረሻዋ ባይት ዜሮ ትሆናለች። ሲ ቋንቋ የአንድን ጽሑፍ ርዝመት የትም መዝግቦ ስለማያስቀምጥ፣ አንባቢው ኮድ ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ ይነጉዳል። ዜሮዋ «እዚህ ጋ አለቀ» ባይ ናት።

የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ደንብ) እያንዳንዱ 3 ባይት ይፈጃል። «ኢትዮጵያ» አምስት ፊደል፣ 15 ባይት ነው፤ ከዜሮዋ ጋር 16ቱ ላይ ልክክ ይላል። «አዲስ አበባ» ግን ስድስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 19 ባይት ነውና አይገባም። እንግዲህ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ስሙን የሚገለብጠው ፈንክሽን ነው። የፈንክሽኖቹን ስም በንግግር እንደሚጠሩት እጽፋቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ስትርኮፒ ነው። የቦታውን ስፋት አይጠይቅም። 19ኙንም ባይት ከነዜሮዋ ይጽፋል፤ ስለዚህ 4 ባይት አጥር ጥሶ ጎረቤት ላይ ያርፋል። ከርነል ውስጥ ጎረቤቱ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ወይም የፈቃድ መረጃ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1988 በኢንተርኔት የተሰራጨው የሞሪስ ትል (ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፍ ፕሮግራም) ከገባባቸው በሮች አንዱ የዚሁ ስህተት ዘመድ ነበር፦ የገባለትን መስመር ሳይለካ 512 ባይት ቦታ ላይ የሚያፈስ ፕሮግራም።

ሁለተኛው ስትርኤንኮፒ ስፋቱን ይቀበላል። ከ16 ባይት አያልፍም፤ ነገር ግን «አዲስ አበ» ብሎ 16ቱን በሙሉ ይሞላና ለዜሮዋ ቦታ አያስቀርም። ቀጥሎ የሚመጣው አንባቢ መቆሚያ ያጣል። ይህ ባሕርይው እንዲያው የመጣ አይደለም፦ በጥንቱ ዩኒክስ የፋይል ስም 14 ባይት ስፋት ባለው ቋሚ ቦታ ላይ ይጻፍ ነበር፤ የተረፈው በዜሮ ይሞላል፤ 14ቱ ከሞላ ግን መጨረሻ ምልክት አያስፈልገውም። ለዚያ የተሠራ መሣሪያ ነው በኋላ ለሁሉም ነገር የዋለው።

ስትርኤልኮፒ በ1998 ከኦፕንቢኤስዲ፣ ከሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ወጣ። ዜሮዋን ሁልጊዜ ያስቀምጣል። ችግሩ የምንጩን ሙሉ ርዝመት ልመልስ ስለሚል ምንጩን እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት፤ ምንጩ ራሱ ዜሮ ከሌለው አብሮት ይጠፋል። ሊኑክስ በ2024፣ በ6.8 እትሙ ላይ ጨርሶ አስወጣው።

ስትርኤስኮፒ በ2015፣ በ4.3 ገባ። ዜሮዋን ያስቀምጣል፣ ከተሰጠው ስፋት በላይ አይጽፍም፣ የምንጩን መጨረሻ ፍለጋም አይዞርም። ከገባ የገለበጠውን ባይት ቁጥር ይመልሳል፤ ለ«ኢትዮጵያ» 15። ካልገባ አሉታዊ የስህተት ቁጥር ይመልሳል፤ እሱም −7 ነው። ይህን −7 ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ለእኛ የሚጎዳ አንድ ነገር አለው፦ የሚቆርጠው በባይት እንጂ በፊደል አይደለም። ከ«አዲስ አበባ» የሚተርፈው «አዲስ አ» እና የ«በ» ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ስክሪን ላይ የተሰበረ ምልክት ሆኖ ይታያል። ሜሞሪው ተጠብቋል፣ ስሙ ግን ተበላሽቷል።

በእነዚህ ላይ በ2017፣ በ4.13፣ ፎርቲፋይ የሚባለው መከላከያ ተደረበ፤ ስትርኤስኮፒን ግን ያካተተው ቆይቶ ነው። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) የመድረሻውን ስፋት የሚያውቅ ከሆነ እያንዳንዱን ግልበጣ ይለካል። ስህተቱ ገና ኮዱ ሲገነባ ከታወቀ ግንባታው ይቆማል፤ እየሮጠ ከተገኘ ደግሞ ጽሑፉ ከመፈጸሙ በፊት ከርነሉ ሥራውን ያቋርጣል። ነገር ግን ፖይንተሩ ከሌላ ፋይል በፈንክሽን በኩል ከመጣ ኮምፓይለሩ ስፋቱን ላያውቀው ይችላል፤ ያኔ የሚለካበት ነገር ስለሌለው ያሳልፈዋል። ገምጋሚ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፓቹ (ለግምገማ የሚላከው የኮድ ለውጥ) ሲመጣ አንድ መስመር ተሰርዞ አንድ መስመር ተጽፏል፤ ስትርኤንኮፒ ወጥቶ ስትርኤስኮፒ ገብቷል። ዓይን ቶሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እንዲህ ካለው ፓች ይልቅ የሁለት መቶ መስመሩን ብገመግም እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የሚፈለገው ነገር ከተቀየረው መስመር ላይ የለም።

ስትርኤንኮፒ የተረፈውን ቦታ በዜሮ ይሞላል ብያለሁ። ስትርኤስኮፒ አይሞላም። ስሙ የተቀመጠበት የመረጃ መዋቅር እንዳለ ወደ ተጠቃሚ ፕሮግራም የሚገለበጥ ከሆነ፣ ከአጭር ስም በኋላ ያሉት ባይቶች ቀድሞ እዚያ የነበረውን የከርነል መረጃ ይዘው ይወጣሉ። ደኅንነት ለመጨመር የመጣው ፓች ሚስጥር አውጪ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መዋቅሩ የት እንደተፈጠረ፣ በዜሮ ተሞልቶ እንደሆነ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲጻፍበትም የአሮጌው ስም ጭራ ይቀር እንደሆነ እስከ ምንጩ ተከትሎ ማየት ግድ ነው። ጥርጣሬ ካለ ቀሪውን በዜሮ የሚሞላው የስትርኤስኮፒ ወንድም አለ፤ በ2019 የገባ ነው።

ቦታው ዜሮ ጨርሶ የማይፈልግበት ጊዜም አለ። የስካዚ ዲስክ (ስካዚ ዲስክና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ደንብ ነው) ስለራሱ ሲጠየቅ የአምራቹን ስም በ8 ባይት፣ የምርቱን ስም በ16 ባይት ይመልሳል፤ የጎደለው በክፍት ቦታ ይሞላል፣ መጨረሻ ምልክት የለውም። እዚያ ስትርኤስኮፒ ቢገባ ባለ 8 ፊደሉ አምራች የመጨረሻ ፊደሉን ያጣል።

አሁን ወደ −7። አሮጌው ኮድ በስትርኤልኮፒ «የተመለሰው ቁጥር ከስፋቱ እኩል ወይም በላይ ከሆነ ተቆርጧል» ብሎ ይፈትሽ ነበር። ስሙ ብቻ ተቀይሮ ፍተሻው ቢቀር፣ ስፋቱ ምልክት የሌለው ሰፊ ቁጥር ሲሆን −7 በሲ ሕግ ወደ ግዙፍ ቁጥር ይለወጥና ፍተሻው በዕድል ይሠራል። ስፋቱ ተራ ኢንቲጀር ከሆነ ግን −7 ከ16 ያንሳል፤ ፍተሻው ሞቷል፣ የተቆረጠው ስም እንደ ሙሉ ያልፋል፣ ኮምፓይለሩም ላይናገር ይችላል። ከዚህ የሚብሰው የተመለሰውን ቁጥር ፖይንተር ላይ እየደመረ ብዙ ጽሑፍ የሚያከታትል ኮድ ነው። አንዱ ቁራጭ ካልገባ ፖይንተሩ 7 ባይት ወደ ኋላ ይንሸራተትና የሚቀጥለው ጽሑፍ የቀደመውን ይደመስሳል።

የስፋት መለኪያውም ይታያል፦ መድረሻው አሬይ (ስፋቱ የታወቀ የባይቶች ረድፍ) ሳይሆን ፖይንተር ከሆነ፣ በ64 ቢት ማሽን ላይ መለኪያው የፖይንተሩን የራሱን 8 ባይት ነው የሚሰጠው።

ስለዚህ ኮዱን ከማንበቤ በፊት የፓቹን መልእክት አነባለሁ። መድረሻው በዜሮ ማለቅ እንዳለበት በምን ታወቀ? ቀሪው በዜሮ ባይሞላ ችግር እንደሌለውስ? «ይህ ስም በኋላ ለህትመት ስለሚውል፣ መዋቅሩም ሲፈጠር በዜሮ የተሞላና አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ስለሆነ» የሚል ካገኘሁ ያንኑ ከኮዱ ጋር አመሳክሬ ፊርማዬን አኖራለሁ። «ስትርኤንኮፒ አደገኛ ስለሆነ ተቀየረ» ብቻ ከሆነ፣ ለውጡ ትክክል ቢመስለኝም እንኳ ሁለቱን ጥያቄዎች ጽፌ እመልሰዋለሁ።