የስትሮክ ታካሚዎች በራሳቸው የሚሠሩት የተሃድሶ እንቅስቃሴ በደሴ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በረጋ ደም ሲታገድ ወይም የአንጎል የደም ሥር ሲፈነዳ የሚደርስ ጉዳት ሲሆን፣ ከሕመሙ በተረፉ ብዙ ሰዎች ላይ የአንድ ጎን እጅና እግር መዛልን፣ ሚዛን መሳትንና የንግግር ችግርን ትቶ ያልፋል። አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው በመደጋገም ስለሆነ፣ ታካሚው የፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያው አጠገቡ በሌለባቸው ሰዓታት የታዘዘለትን እንቅስቃሴ በራሱ እንዲሠራ ማበረታታት የተሃድሶ ሕክምናው ዋና አካል ነው።

አንጋፋው የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከደቡብ ወሎና ከአጎራባች ዞኖች የሚላኩ ሕሙማንን የሚቀበል ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፎ አገልግሎቱ ከተቋረጠ በኋላ በሠራተኞቹ ትጋት ዳግም ሥራ ጀምሯል። ከወረኢሉ ወይም ከመቅደላ የመጣ ሰው ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በየሳምንቱ ለፊዚዮቴራፒ ይመላለስ ማለት የማይታሰብ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ለሚርቀው የኮምቦልቻ ነዋሪም ቢሆን ግማሽ ጎኑ የዛለን ሰው በሚኒባስ ማመላለስ ቀላል አይደለም።

ጉዳዩ በስፋት የተጠናው በውጭ አገር ነው። በአውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ከተማ በሚገኙ ሆስፒታሎች የስትሮክ ክፍሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ምልከታ፣ ታካሚዎች ከቀኑ የሕክምና ሰዓት ከግማሽ የሚበልጠውን አልጋ ላይ እንዳሳለፉ፣ ለማገገም በሚረዳ እንቅስቃሴ የተጠመዱት 13 በመቶውን ብቻ እንደሆነና 60 በመቶ ያህሉን ብቻቸውን እንደነበሩ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ምልከታ ደግሞ በአንድ የሕክምና ክፍለ ጊዜ የዛለው እጅ ለዕለት ተዕለት ተግባር የሚሠራው ድግግሞሽ በአማካይ 32 ብቻ መሆኑን መዝግቧል፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ግን የአንጎል ለውጥ የታየው በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነበር። በዚያው ዓመት በካናዳ 103 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት የወጣ ሲሆን፣ የመልመጃ መጽሐፍና ቀላል ዕቃዎች ተሰጥቷቸው ለ4 ሳምንታት እጃቸውን በራሳቸው ያለማመዱት ከሌሎቹ የተሻለ የእጅ አጠቃቀም አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውና 408 ሰዎችን ያካተተው የአሜሪካ ጥናትም፣ በባለሙያ ክትትል ቤት ውስጥ የሚሠራ እንቅስቃሴ ውድ በሆነ የመራመጃ ማሽን ከሚሰጥ ልምምድ እንደማያንስ አረጋግጧል። ማሽኑ ለሌለን ለእኛ ይህ ትልቅ ዜና ነው።

የሜልቦርኑ ብቸኝነት በደሴ አይታይም። አስታማሚ ሌሊቱን ከአልጋው ሥር ያድራል፣ ጠያቂም አይቋረጥም። እዚህ ያለው እንቅፋት ከፍቅር የሚመጣ ነው፦ ልጅ አባቱን ያጎርሳል፣ ያለብሳል፣ ሊነሣ ሲሞክር «ተው፣ ተጋደም» ይለዋል፤ የዛለው እጅም ብርድ ልብስ ውስጥ እንደተሸፈነ ይውላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማስተማር የሚያስፈልገው አስታማሚውን ነው። ታካሚው ጀርባው ግድግዳ በተደገፈ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱንም እግሮቹን መሬት አስረግጦ፣ ክብደቱን ወደ ዛለው እግር ጭምር ጥሎ ሲነሣና ሲቀመጥ፣ አስታማሚው በዛለው ወገን ቆሞ ይጠብቀዋል እንጂ በብብቱ ይዞ አያነሣውም። ልምምዱ ከቤቱ ሥርዓት ጋር ሲያያዝ አይረሳም፤ ለምሳሌ በአቦል፣ በቶናና በበረካ አንድ አንድ ዙር መነሣትና መቀመጥ፣ በመካከሉም ባዶ ስኒ በዛለው እጅ ከረከቦቱ አንሥቶ መልሶ ማስቀመጥ ይቻላል። መቆምና ማጎንበስ የቻለ ሰጋጅ ሶላቱም ልምምድ ይሆንለታል፤ ያልቻለ ተቀምጦ መስገድ ይፈቀድለታል።

አከራካሪ ነጥቦችም አሉ። 2,104 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ የተጀመረ ጠንካራ እንቅስቃሴ ውጤቱን እንደሚያባብስ ስላሳየ፣ መቼና ምን ያህል እንደሚጀመር የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በሕንድ 1,250 ሰዎች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. የ2017 ጥናት ደግሞ ቤተሰብን አሠልጥኖ ተሃድሶውን ለእርሱ መተው ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። ይህ ውጤት አስታማሚነት ሥር በሰደደበት በወሎ ምናልባት ሙሉ በሙሉ ላይደገም ይችላል፤ ሆኖም ባለሙያው በየጊዜው ልምምዱን እያየ ሊያከብደው ወይም ሊቀይረው እንደሚገባ ያመለክታል።

የዛለውን እጅ መጎተት ትከሻን ከቦታው ሊያወልቅ ስለሚችል፣ ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትና ማስጎተት አደገኛ ነው። ምርኩዝ የሚያዘው በደህናው እጅ ነው። ከጦሳ ሥር በተዘረጋው የደሴ ዳገትና ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር፣ ሲወረድ ደግሞ የዛለው እግር ይቀድማል፤ አስታማሚውም ሲወጣ ከኋላ፣ ሲወረድ ከፊት ይሆናል። ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር፣ ድንገተኛ የራስ ምታት ወይም አዲስ የአፍ መጣመም ከታየ ልምምዱ ወዲያው ቆሞ ታካሚው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።