ሰው ሠራሽ አኦርታ ምንድን ነው? ግትርነቱስ ልብን ምን ያደርገዋል?

አጎቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ስር ተቀምጦ ደረቱን ይዳብሳል። ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ አኦርታን፣ ውጭ አገር አስቀይሮ ከመጣ ገና ጥቂት ወሩ ነው። አብጦበት ነበር። "ጨርቅ ነው ያስገባንልህ አሉኝ። አቦ፣ ሸሚዝ ሰፍተውብኝ ነው እንዴ የላኩኝ?" ይላል። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይወደድ እኔም አንተ ነው የምለው።)

ሸሚዝ ማለቱ ከእውነት ብዙ አልራቀም። ሐኪሞች ግራፍት የሚሉት ይህ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ከዳክሮን ይሠራል። ዳክሮን ደግሞ ፖሊስተር ነው፤ እዚህ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ በየሱቁ የተሰቀለው ልብስ ዘመድ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ማይክል ደቤኪ ጨርቁን ከሱቅ ገዝቶ፣ በሚስቱ የስፌት መኪና እንደ ቱቦ ሰፋው። ዛሬ በፋብሪካ ይሸመናል። ጠንካራ ነው፣ ብዙ ሰው ከሞት አትርፏል። ጣጣው አንድ ነው፤ እንደ ተፈጥሮው አይለጠጥም።

ባይለጠጥ ምን ችግር አለው? የድሬውን ወንዝ ደቻቱን አስቡት። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው እንደ መንገድ ይሄድበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ውሃው ባንዴ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ምን እንዳደረገን የድሬ ሰው አይረሳም። ልብም ደሙን የሚለቀው እንደዚያ ነው። በየምቱ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በሰከንድ ሲሶ ውስጥ ይረጭና ያርፋል። ታዲያ ጎርፍና ድርቅ የማይፈራረቅብን ለምንድን ነው?

ጤነኛ አኦርታ እንደ ብስክሌት ከመነዳሪ ስለሚነፋ ነው። ከተረጨው ደም ግማሽ ያህሉን ይዞ ያቆያል። ልብ ሲያርፍ እሱ ይኮማተራል፣ ያቆየውን ወደፊት ይገፋል። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ ይህን በ1899 (እ.ኤ.አ.) በሒሳብ አስቀመጠው። በጀርመንኛ ዊንድኬሰል ይባላል፤ ስሙ ከድሮ የእሳት አደጋ ፓምፕ የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም "የአየር ጋን" እንደማለት ነው።

አሁን በከመነዳሪው ቦታ ግትር ቱቦ አስገቡበት። ልብ ሲረጭ የሚሰፋ ነገር ስለሌለ የላይኛው ግፊት ይወጣል። ሲያርፍ ደግሞ የተጠራቀመ ስለሌለ የታችኛው ይወርዳል። 120 በ80 የነበረው ለምሳሌ 145 በ70 ሊሆን ይችላል። አማካዩ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ40 ወደ 75 ዘለለ።

የላይኛው ሲወጣ ልብ የሚገፋው ሸክም ይከብዳል፤ እያደርም ጡንቻው ይወፍራል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የታችኛው ነው። የልብ ጡንቻ የራሱን ደም በብዛት የሚያገኘው ሲያርፍ ነው፤ ሲኮማተር የገዛ ቧንቧዎቹን ይጨምቃቸዋላ። ስለዚህ ሥራው በበዛበት ሰዓት ቀለቡ ይቀነሳል።

ሌላም አለ። የደም ምት ማዕበል ነው። ለስላሳው ቧንቧ ከግትሩ ጋር በተሰፋበት ድንበር ላይ ሲደርስ ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል። ግትር ቧንቧ ውስጥ ደግሞ ማዕበሉ ይፈጥናል። የሚመለሰው ልብ ገና እየረጨ ሳለ ከደረሰ፣ ግፊት በግፊት ላይ ይደርባል።

ሁሉም ግራፍት ግን እኩል አይደለም። የአኦርታ ልጥጠት የሚበዛው ደረት ውስጥ፣ ለልብ ቅርብ በሆነው ክፍል ነው። ስለዚህ እዚያ የገባ ረጅም ቱቦ፣ ሆድ ውስጥ ከገባ አጭር ቱቦ ይልቅ ልብን ይጫናል።

አጎቴ በየጠዋቱ ክንዱ ላይ ይለካል። የክንድና የልብ አጠገብ ግፊት አንድ አይደሉም፤ ቢሆንም የልዩነቱን አዝማሚያ ለማየት ይረዳል። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር ጽፎ እንዲቀናንስ፣ ደብተሩንም ለሐኪሙ እንዲያሳይ ነገርኩት። ትናንት 58 ወጣ። "ከትናንት ወዲያ 61 ነበር አቦ" አለኝ፣ ሆጃውን እያማሰለ።