የብሪታንያን የጦር አውሮፕላኖች ያደረሱ ሴት አብራሪዎች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በብሪታንያ ከፋብሪካ የወጣ አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ጠላት ፊት ከመቅረቡ በፊት ብዙ ሰላማዊ በረራዎች ይጠብቁት ነበር። ከፋብሪካው መሣሪያና ራዲዮ ወደሚገጠምበት ማዕከል፣ ከዚያም ወደተመደበበት የጦር ሰፈር፣ ሲጎዳ ደግሞ ወደ ጥገና ይወሰዳል። ውጊያ ላይ የሚፈለጉ አብራሪዎችን በዚህ ሥራ ማሰማራት ብክነት በመሆኑ፣ የባንክ ባለሙያና የአየር መንገድ ዳይሬክተር የነበሩት ጄራርድ ደርላንጀር ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1939 «የአየር ትራንስፖርት አጋዥ ድርጅት» ተቋቋመ፤ ስሙ በእንግሊዝኛው ምህፃረ ቃል ኤ.ቲ.ኤ. ተብሎ ይታወቃል። ድርጅቱ ሲቪል ነበር፤ አባላቱም ለንጉሣዊው አየር ኃይል በዕድሜ ወይም በጤና ምክንያት ያልበቁ ሰዎች ነበሩ። አንድ እጅና አንድ ዓይን ብቻ የነበረው አብራሪ ሳይቀር አገልግሎበታል። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ300,000 በላይ አውሮፕላኖችን ወደየቦታቸው ያደረሰው ይህ ድርጅት 168 ያህል ሴቶችም ነበሩት፤ ከጥቂት የበረራ መሐንዲሶች በቀር ሁሉም አብራሪዎች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴቶቹ እንዲገቡ የታገለችው ፖሊን ጋወር ናት። የፓርላማ አባል ልጅ የነበረችው ጋወር ከጦርነቱ በፊት በየከተማው እየዞረች ሰዎችን ለአጭር ሽርሽር በአውሮፕላን በማሳፈር በራሷ የምትተዳደር ባለሙያ ነበረች። ባለሥልጣናቱን ስታነጋግር የመብት ክርክር ከማንሳት ይልቅ በጸጥታ የቁጥር ስሌት ታቀርብ ነበር፤ በግሌ ሳስበው የተሳካላት በዚህ ይመስለኛል። ጥር 1 ቀን 1940 የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሴቶች ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው ሃትፊልድ ሥራ ጀመሩ። ዜናው በጋዜጣ ሲወጣ የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ፤ አንድ የታወቀ የአቪዬሽን መጽሔት አዘጋጅ እነዚህ ሴቶች የሆስፒታል ወለል በቅጡ ለመወልወል እንኳን የማይበቁ ናቸው እስከማለት ደረሰ።

መጀመሪያ የተፈቀደላቸው ታይገር ሞዝ የተባለውን ቀላል ማሠልጠኛ አውሮፕላን ማድረስ ብቻ ነበር። የአብራሪው መቀመጫ ክፍት ነው፤ ክረምቱ ደግሞ በዚያ ዓመት እጅግ ከባድ ነበር። ሴቶቹ ከሃትፊልድ ተነስተው በበረዶ ነፋስ እየተገረፉ እስከ ስኮትላንድ ይበሩና፣ ከአውሮፕላኑ በብርድ ደንዝዘው ከወረዱ በኋላ ከባዱን ፓራሹታቸውን ተሸክመው በሌሊት ባቡር ይመለሱ ነበር። ወንዶቹ ብዙም ያልፈለጉትን ይህን ሥራ ያለ ማጉረምረም መሥራታቸው ለቀጣዩ ጥያቄ ማስረጃ ሆነላቸው።

ከዚያ በኋላ በሩ የተከፈተው ቀስ በቀስ፣ በአውሮፕላን ዓይነት ነበር። በሐምሌ 1941 ዊኒፍሬድ ክሮስሊ ሃሪኬን የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን አበረረች፤ ብዙም ሳይቆይ ስፒትፋየር የተባለው ሌላው ተዋጊ ተከተለ። ቀጥሎ ባለሁለት ሞተሮቹ ቦምብ ጣዮች መጡ፤ በመጨረሻም ሌቲስ ከርቲስ ባለአራት ሞተሮቹን ግዙፍ ቦምብ ጣዮች ለማብረር ብቁ ከሆኑት ሴቶች ቀዳሚዋ ሆነች። ከእነዚህ አንዱ የሆነውንና በውጊያ ጊዜ ሰባት ሰው የሚሳፈርበትን ላንካስተር አንዲት አብራሪና አንድ መሐንዲስ ብቻ ይዘውት ይነሱ ነበር። ለወንዶች ብቻ ተለይተው የቀሩት ውኃ ላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ናቸው። እያንዳንዱ ፈቃድ የመጣው የአብራሪ እጥረት ሲጠነክር መሆኑን ማየት ይገባል፤ ባለሥልጣናቱን የገፋቸው ከእምነት ይልቅ ችግር ነበር።

የሥራው ልዩ ጠባይ በአንዲት ትንሽ ደብተር ውስጥ ይታያል። ድርጅቱ አውሮፕላኖችን በስድስት መደብ ከፍሎ ነበር፤ አንዲት አብራሪ በአንድ መደብ ከሠለጠነች በዚያ መደብ ያለውን አውሮፕላን ሁሉ፣ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀውን ጭምር፣ እንድታበር ትታዘዛለች። ጠዋት የዕለቱን የሥራ ወረቀት ስትቀበል የማታውቀው ስም ተጽፎበት ብታገኝ፣ ኪስ ውስጥ የምትገባውንና ገጾቿ በቀለበት የተያያዙትን የአብራሪዎች ማስታወሻ ታወጣለች። በትንሿ ካርድ ላይ የመነሻው ፍጥነት፣ የማረፊያው ፍጥነት፣ የሞተሩ ኃይል ልክ፣ እንዲሁም አውሮፕላኑ ያለበት ልዩ አመል ሰፍሯል። ሴትዮዋ ኮክፒት ውስጥ ቁጭ ብላ ገጿን ታነባለች፤ እጀታዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ትዳስሳለች፤ ከዚያ ሞተሩን ታስነሳለች። በአንድ ቀን ሦስትና አራት ዓይነት አውሮፕላን ማፈራረቅ የተለመደ ነበር።

ራዲዮ ግን አይጠቀሙም ነበር። ጉዞው በካርታ፣ በኮምፓስና መሬት በማየት ብቻ የሚከናወን ስለነበረ የባቡር ሐዲድ፣ ወንዝና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ዋና መሪዎቻቸው ነበሩ። በደመና ውስጥ የበረራ መለኪያዎችን በማየት ብቻ መብረርም በሥልጠናቸው አልተካተተም። በደንቡ መሠረት ደመናው ከመሬት ቢያንስ 800 ጫማ ከፍ ማለት፣ ዕይታውም ቢያንስ 2,000 ያርድ መሆን ነበረበት፤ የእንግሊዝ ሰማይ ግን ደንብ አያውቅም። በየከተማው ዙሪያ በብረት ገመድ የተንጠለጠሉት መከላከያ ባሎኖች ሌላ ስጋት ነበሩ፤ አንዳንዴም የገዛ ወገን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ተሳስቶ ይተኩስባቸው ነበር።

በ1930 ብቻዋን ከእንግሊዝ እስከ አውስትራሊያ በመብረር ዓለም ያወቃት ኤሚ ጆንሰን ጥር 5 ቀን 1941 ከብላክፑል ኦክስፎርድ የተባለ ባለሁለት ሞተር ማሠልጠኛ ይዛ ተነሳች። በመጥፎ አየር ከመንገዷ ወጥታ ቴምዝ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አካባቢ ውኃ ውስጥ ወደቀች፤ ሊያድናት ከመርከብ የዘለለው የባሕር ኃይል መኮንን ዋልተር ፍሌቸርም ሞተ። አስከሬኗ አልተገኘም። ከመጀመሪያዎቹ ስምንት አንዷ የሆነችው ማርጋሬት ፌርዌዘር ደግሞ በዚያው ድርጅት ይበር የነበረው ባሏ ዳግላስ በ1944 ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ዓመት በአደጋ ሞተች። በጠቅላላው ወደ 15 የሚሆኑ ሴት አብራሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በሳውዛምፕተን አጠገብ ያለችው ሃምብል በሴቶች ብቻ ከተያዙት ሰፈሮች የታወቀችው ነበረች፤ በአካባቢው የሚመረቱት ስፒትፋየሮች ብዙዎቹ በእነርሱ እጅ ያልፉ ነበር። ሴቶቹም እንግሊዛውያን ብቻ አልነበሩም። የፖላንዱ ማርሻል ፒውሱድስኪ ልጅ ያድቪጋ፣ ከደቡብ አፍሪካ ጃኪ ሶሩር፣ አሜሪካዊቷ ጃኪ ኮክራን በ1942 መልምላ ያመጣቻቸው 25 ያህል አሜሪካውያት ይገኙበታል። ከቺሊ የመጣችው ማርጎት ዱአልዴ እንግሊዝኛ ባለማወቋ ቋንቋውን እስክትለምድ ከመካኒኮች ጋር እንድትሠራ ተደርጓል። ሜሪ ዊልኪንስ አንድ ጊዜ ብቻዋን ያመጣችውን ዌሊንግተን ቦምብ ጣይ ከአቆመች በኋላ፣ የተቀበሏት ወታደሮች አብራሪው የት አለ ብለው አውሮፕላኑን ውስጡን ሁሉ እንደፈተሹ ትናገር ነበር።

ደመወዛቸው መጀመሪያ ከወንዶቹ 20 በመቶ ያነሰ ነበር። የጋወር ግፊት፣ በፓርላማም የተነሳው ጥያቄ ተደምሮ በ1943 እኩል ክፍያ ተፈቀደ፤ ይህም በዚያ ዘመን በመንግሥት ሥራ እጅግ ብርቅ ነበር። በዚያው ወቅት ድርጅቱ ከዚህ በፊት በርረው የማያውቁ ሰዎችንም ከፊደሉ ጀምሮ ማሠልጠን ጀመረ።

ኤ.ቲ.ኤ. ኅዳር 30 ቀን 1945 ተዘጋ። ከጦር ሜዳ በተመለሱ ወንድ አብራሪዎች በተጨናነቀው ገበያ ለሴቶቹ የሚሆን የበረራ ሥራ እምብዛም አልተገኘም። ጋወር በ1947 መንታ ወንዶች ልጆችን ወልዳ ወዲያው አረፈች። በ1950ዎቹ ጃኪ ሶሩር ለበርማ የተሸጡ ስፒትፋየሮችን በማድረስ የድሮ ሥራዋን ቀጠለች፤ ዳያና ባርናቶ ዎከር ደግሞ በ1963 ላይትኒንግ የተባለውን ጄት አብርራ ከድምፅ ፍጥነት ያለፈች የመጀመሪያዋ ብሪታንያዊት ሆነች። የብሪታንያ መንግሥት በሕይወት ለነበሩት አባላት የመታሰቢያ ዓርማ የሰጠው በ2008 ነው፤ ከመካከላቸው ጆይ ሎፍትሃውስ በ92 ዓመቷ፣ በ2015 ዳግመኛ ስፒትፋየር ላይ ወጥታ መሪውን ጨብጣለች።