«አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል» ያለው ማን ነበር?

ፍሬን የበጠሰ ባቡር አምስት ሠራተኞች ወዳሉበት ይምዘገዘጋል። ሾፌሩ ወደ ሌላ ሐዲድ ሊያዞረው ይችላል፤ እዚያ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያዙረው ወይስ ይተወው? ጥያቄውን በ1967 እ.ኤ.አ. ያነሳችው ፈላስፋዋ ፊሊፓ ፉት ናት። በክርስቲያኖች መሃል ሲነሳ አንድ መልስ ፈጥኖ ይመጣል፦ «ክርስቶስስ አንድ ሆኖ ለብዙዎች ሞቶ የለም እንዴ? ያው ነው።»

ያው አይደለም። በዚህች መልስ ውስጥ ብዙ ነገር ተደባልቋል። አንድ በአንድ እንለየው።

«መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ይላል»

ተጽፏል፣ እውነት ነው። ግን የማን ንግግር ነው? የቀያፋ። ዮሐንስ ምዕራፍ 11 ላይ አልዓዛር ከመቃብር ወጥቷል፤ ሸንጎው ተጨንቋል። ሕዝቡ ኢየሱስን ከተከተለ ሮማውያን መጥተው አገራችንን ይወስዱብናል ብለው ፈርተዋል። ሊቀ ካህናቱ ሒሳቡን ሠራ፦ ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ይሙት። ወንጌላዊው ይህን ሳያውቀው የተናገረው ትንቢት ነው ይላል። ወዲያው ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊገድሉት ተማከሩ ብሎ ይቀጥላል። እግዚአብሔር ከነገሩ መልካም ማውጣቱ ቀያፋን ልክ አያደርገውም። እንዲያ ከሆነማ ዮሴፍን የሸጡት ወንድሞቹም ሊመሰገኑ ነው።

ሒሳቡስ ቢሆን መቼ ተሳካለት? በ70 እ.ኤ.አ. ሮማውያን ኢየሩሳሌምን አፈረሱ፤ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ።

«አብ ልጁን ሠዋ፤ ስለዚህ ሌላውን መሠዋት ይፈቀዳል»

ዋናው ይህኛው ስለሆነ ትንሽ ቆም እንበል። ኢየሱስ ስለ ነፍሱ ሲናገር «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ይላል (ዮሐ. 10፥18)። ሐዲዱ ላይ ያለውን ሰውዬ ግን ማንም አልጠየቀውም።

«ጳውሎስ አብ ልጁን ስለ ሁላችን አሳልፎ ሰጠው ብሎ የለም?» አዎ፣ ብሏል (ሮሜ 8፥32)። ይሁዳም አሳልፎ ሰጠው ተብሏል። ቃሉ አንድ ነው፤ በግሪኩም አንድ ነው። ጥያቄው አዲስ እንዳይመስለን፤ የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ የዮሐንስን መልእክት ሲሰብክ ራሱ አንስቶታል። አብ ሰጠ፣ ወልድ ራሱን ሰጠ፣ ይሁዳም ሰጠ፤ ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? አብና ወልድ በፍቅር አደረጉት፣ ይሁዳ በክህደት፣ ሲል ይመልሳል። ይሁዳ ያሰበው የሚቀበለውን ዋጋ ነበር። በሥላሴ ትምህርት ደግሞ የአብና የወልድ ፈቃድ አንድ ነው። አንዱ ወስኖ ሌላው ሳያውቅ የተጎዳበት ታሪክ አይደለም።

«አብርሃምስ?»

አጭር ነው፦ ቢላዋው ተነሣ፣ ድምፅ አስቆመው፣ የተሠዋው በግ ነው። ይስሐቅ ከተራራው በእግሩ ወረደ።

«ዮናስን መርከበኞቹ ባሕር ውስጥ ጥለውት የለም?»

ጥለውታል። ግን ምዕራፍ 1ን ቀስ ብሎ ማንበብ ነው። «ጣሉኝ» ያለው ራሱ ዮናስ ነው፤ ማዕበሉ በእሱ ምክንያት እንደመጣም አምኗል። እንዲያም ሆኖ ብድግ አድርገው አልወረወሩትም። ወደ ምድር ሊመለሱ አጥብቀው ቀዘፉ። አልሆነም። ሲጥሉትም ንጹሕ ደም አታድርግብን እያሉ እየጸለዩ ነው። ቀያፋ ዘንድ ይህ ፍርሃት የለም።

«እንግዲያው ክርስቲያን ባቡሩን ማዞር የለበትም»

እንዲህም አይባልም። በዚህ ላይ ክርስቲያኖች አንድ መልስ የላቸውም። የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን ራስን ስለ መከላከል ሲጽፍ፣ አንድ ድርጊት የታሰበና ያልታሰበ ውጤት ሊኖረው ይችላል አለ። ንጹሕን ሰው መግደል ግን በፍጹም አይፈቀድም ብሏል። ከዚህ ተነስተው ብዙዎች ማዞሩን ይፈቅዳሉ። አምስቱን የሚያድናቸው የሰውየው ሞት አይደለምና፤ ሐዲዱ ባዶ ቢሆን ሾፌሩ ደስ ባለው። ባቡሩን ለማስቆም ሰውን ከድልድይ ገፍቶ መጣል ግን ሌላ ነው። እዚያ የሰውየው ገላ ራሱ ፍሬን ሆነ። ጳውሎስ «መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ» የሚለውን አስተሳሰብ ሲነቅፍ (ሮሜ 3፥8) እንዲህ ያለውን ይነካል። እኔን ይህ መለያ ያሳምነኛል፤ ማዞሩንም የሚቃወሙ ግን አሉ።

«ራስን መስጠትም ቢሆን ብዙ ሰው ካላዳነ ትርጉም የለውም»

በ1941 እ.ኤ.አ. በናዚዎች የአውሽቪትስ ማጎሪያ ካምፕ እስረኛ አመለጠ ተብሎ አሥር ሰዎች በረሃብ እንዲሞቱ ተመረጡ። አንዱ፣ ፍራንሲሼክ ጋዮቭኒቼክ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ጮኸ። ፖላንዳዊው ካህን ማክሲሚሊያን ኮልቤ ከሰልፉ ወጣና በእሱ ፈንታ ልሙት አለ። እሺ አሉት። ሁለት ሳምንት ያህል በረሃብ ከቆየ በኋላ በመርፌ ገደሉት። በቁጥር ከሄድን ምንም አልተለወጠም፤ አሥር ሊሞቱ ነበር፣ አሥር ሞቱ። ጋዮቭኒቼክ እስከ 1995 ኖረ። በ1982 ኮልቤ ቅዱስ ተብሎ ሲታወጅ እሱም እዚያው ነበር።