መቀነቴ አደናቀፈኝ አለች

«መሮጥ ሲያቅታት መቀነቴ አደናቀፈኝ አለች» ይባላል። አንዳንዱ «ጠለፈኝ» ይላል፤ ሐሳቡ ያው ነው። ሥራ ከብዶት ሰበብ ለሚደረድር ሰው የሚተረት ነው። አርፍዶ መጥቶ መንገዱን የሚያማርር፣ ፈተና ወድቆ መምህሩን የሚከስ ሁሉ ይህን ይሰማል።

የወሎ ገጠር እናቶችን አለባበስ የሚያውቅ ሰው ተረቱ ለምን መቀነትን እንደመረጠ ይገባዋል። መቀነት ከቀሚስ በላይ ወገብ ላይ ደጋግሞ የሚጠመጠም ረጅም ጨርቅ ነው። እንስራ ከመሸከም፣ ዳገት ከመውጣት በፊት ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። አራስም ወገቧ እንዲጠና ትታጠቀዋለች። እንግዲህ ሰነፏ ያሳበበችው በድንጋይ ወይም በጉቶ አይደለም፤ ጉልበት በሚሆናት ነገር ላይ ነው። ደግሞ መቀነት እግር ላይ የሚጠመጠመው ሲላላ ነው። አጥብቆ ማሰሩ የማን ሥራ ነበር? ተረቱ የሚጥመኝ በዚህ ነው።

ቃሉ የግዕዙ «ቀነተ» ዘር ነው፤ ታጠቀ ማለት ነው። መነኮሳት ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት ቅናትም ከዚሁ ይወለዳል። ሐይቅ እስጢፋኖስን በመሰሉ ጥንታዊ ገዳማት ቅናት ከምንኩስና ልብስ አንዱ ነው። ሰውን የሚያንገበግበው ቅናት ግን ከ«ቀንአ» የመጣ ነው፤ ዝምድና የላቸውም።

መቀነት ቦርሳም ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣች እናት ብሯን የምትቋጥረው ጫፉ ላይ ነው። «ከመቀነቷ ፈታ ሰጠችው» ከተባለ ከራሷ ጥሪት አውጥታ ሰጠችው ማለት ነው። ወንዱ «ትጥቁን ፈታ» ሲባል ግን መሣሪያውን አስረከበ፣ እጁን ሰጠ ማለት ነው። ሁለቱም የሚፈቱት ከወገብ ነው። የእሷ መፍታት ልግስና ሲሆን የእሱ መፍታት ሽንፈት ነው። ይህን ልዩነት በጣም እወደዋለሁ።

ለዚህም ነው ተረቱ ሰነፉን በሴት መመሰሉ የሚከነክነኝ። በክፉ ቀን «አንጀቷን በመቀነት አስራ አሳደገችን» የምትባለው እናት ናት። ረሃቧን በዚያ ጨርቅ አፍና ለልጆቿ ያጎረሰች ሴት «አደናቀፈኝ» አትልም። ተረቱን የምንተርትበት ሰነፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንድ ነው!

ዝናብና ፀሐይ ሲገናኙ ሰማይ ላይ የሚዘረጋውን ቀስተ ደመናም አማርኛ «የማርያም መቀነት» ይለዋል። ባለቀለሙን የመቀነት ጥለት ላየ ስሙ ማብራሪያ አያሻውም።

ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ወጣቱ የሚታጠቀው ቀበቶ ነው። እሱም የራሱን አነጋገር ይዞ መጥቷል፤ ኑሮ ሲወደድ «ቀበቶህን ጠበቅ አድርግ» እንባባላለን። «ቀበቶዬ አደናቀፈኝ» የሚል ግን የለም። ቀበቶ አጭር ነው፤ ቢላላም እግር ድረስ አይወርድም።