ሊትሩ፣ ኪሎውና ቆጣሪው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አንድ ሊትር ማለት አንድ ኪሎ ነው።» ይህ የሚሠራው ለውሃ ነው። ሊትር ነገሩ የሚይዘውን ቦታ ይለካል፤ ኪሎ ደግሞ ቁሱ ምን ያህል እንደሆነ። ጅማ ገበያ ወርዳችሁ ማር ብትገዙ አንድ ሊትሩ 1.4 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። ዘይት ደግሞ ከውሃም ይቀላል፤ ሊትሩ 0.92 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሙሉ ማር «አምስት ኪሎ ነው» ብሎ የሸጠ ነጋዴ፣ ሁለት ኪሎ ምርቃት ሰጥቷል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሊትሩ ከ1.4 ኪሎ በደንብ ካነሰ ውሃ ገብቶበት ይሆናል ብላችሁ ጠርጥሩ። የተቀላቀለው ስኳር ከሆነ ግን ሚዛኑ ላያጋልጠው ይችላል።

ወደ ቡናው እንምጣ። «ኪሎ የክብደት መለኪያ ነው» ይባላል። በፊዚክስ ግን ኪሎግራም የመጠነ ቁስ መለኪያ ነው። ክብደት ማለት መሬት ነገሩን የምትስብበት ጉልበት ስለሆነ በኒውተን ይለካል። አንድ ፈረሱላ ቡና 17 ኪሎ ነው፤ ክብደቱ እዚህ 167 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ጨረቃ ላይ ቢወሰድ 28 ኒውተን እንኳ አይሞላም። ከቡናው ግን አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን እዚያም 17 ኪሎ ይላል፤ የሚዛን ድንጋዩም አብሮ ቀሏላ! የሚንጠለጠለው ባለ ሞላ ሚዛን ግን ሦስት ኪሎ አይሞላም ብሎ ድርቅ ይላል። ገበያ ላይ «ክብደቱ ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ፈተና ላይ ግን ነጥብ ያስቀንሳል።

«የኪሎግራም መነሻው ፈረንሳይ የተቀመጠ ብረት ነው» የሚለው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ከ1889 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲያ ነበር። ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኪሎግራም የሚተረጎመው በፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ ማለትም የትም ቦታ በማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር ነው።

«ምጣዱ በሰዓት ስንት ኪሎዋት ይበላል?» ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ኪሎዋት የሚነግረን ዕቃው መብራት የሚወስድበትን ፍጥነት ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው ግን ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይህም ኪሎዋቱ በሰዓቱ ተባዝቶ የሚገኝ እንጂ ተካፍሎ የሚገኝ አይደለም። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ባለ 10 ዋት አምፖል ይህን ያህል ለመፍጀት 700 ሰዓት መብራት አለበት፤ ቀንና ሌሊት 29 ቀን ማለት ነው። «አምፖሉን አጥፉ» እያሉ ልጆች ላይ መጮህ ሂሳቡን ብዙም አይቀንሰውም።

«ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል።» አዎ፣ ባሕር ወለል ላይ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃው 94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ወደ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከፍ ስትሉ ደግሞ ትንሽ ይወርዳል። ባቄላ አልበስል ብሎ እሳት የምትጨምሩ ሰዎች፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የግፊት ድስት ካልሆነ በቀር፣ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።